የህትመት ሰነድን ወደ ድረ ገጽ ሲያወጡ፦ የጽሑፍ ስታይል አያያዝ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለህትመት የተቀናበረ መጽሔት፣ መጽሐፍ ወይም ሪፖርት ወደ ድረ ገጽ ሲወጣ ቀድሞ የሚበላሸው ጽሑፉ ነው። በወረቀት ላይ ጎልቶ የታየው ርዕስ ስክሪን ላይ ከተራ አንቀጽ አይለይም፤ ጥቅሱ ከአካሉ ጋር ይቀላቀላል፤ ፊደሉ አንድ ቦታ ላይ ያንሳል፣ ሌላ ቦታ ላይ ከስክሪኑ ያልፋል። ባለሙያው ኤችቲኤምኤሉን፣ ማለትም ገጹ የተጻፈበትን ኮድ፣ ከፍቶ በእጁ ማረም ይጀምራል። ቀጣዩ እትም ሲደርስም ያንኑ ሥራ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምረዋል። ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው ሰነዱ ኤክስፖርት ሲደረግ (ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ሲወጣ) የጽሑፍ ስታይሎቹ፣ ማለትም ስም የተሰጣቸው የመልክ ቅንብሮች፣ በምን መልክ እንደሚወጡ አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው። ለዚህ ውሳኔ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ውጤታቸው ግን በጣም ይለያያል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ የሚያበቃ ካልሆነ በቀር፣ ስታይሎቹን ከታግና ከክላስ (የድሩ ኮድ የጽሑፍ ክፍሎችን ከሚለይባቸው ምልክቶች) ጋር አስተሳስሮ የመልኩን ጉዳይ ራስ ለሚጽፉት ሲኤስኤስ (የመልክ ደንቦች ፋይል) መተው ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ይበልጣል። ሌሎቹም የሚያዋጡበት ጊዜ አለ። የትኛው መቼ እንደሚሻል ለመለየት ግን መጀመሪያ አንድ ስታይል ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይገባል።

ስታይሉ ሲወጣ ለሦስት ይከፈላል

በገጽ ቅንብር ፕሮግራም ውስጥ አንድ የአንቀጽ ስታይል ስምና መልክ ብቻ ነው። «ንዑስ ርዕስ» የሚል ስም ይኖረዋል፤ ባለ 14 ነጥብ ደማቅ ፊደል፣ ከላይ 12 ነጥብ ክፍተት የሚል መልክ ይኖረዋል። ንዑስ ርዕስ በጽሑፉ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ፕሮግራሙ አያውቅም፤ ለማተሚያ ቤቱ መልኩ ስለሚበቃ ማወቅም አላስፈለገውም። ድሩ የተሠራው በሌላ አስተሳሰብ ነው። ኤችቲኤምኤል የጽሑፉ ክፍል ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ርዕስ ነው፣ አንቀጽ ነው፣ ዝርዝር ነው ይላል። ምን እንደሚመስል የሚናገረው ሲኤስኤስ ነው። የመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጸድቅ ዋናው ዓላማ ይዘትንና መልክን መለያየት ነበር።

ስለዚህ ስታይሉ ከህትመቱ ዓለም ወደ ድሩ ሲሻገር ሦስት ነገሮች ይወጡታል። የመጀመሪያው ታግ ነው፤ «ኤች1»፣ «ኤች2»፣ «ፒ» የሚሉትን ዓይነት። ሁለተኛው ክላስ ነው፤ የስታይሉ ስም ተለውጦ በታጉ ላይ የሚለጠፍ መጠሪያ ማለት ነው። ሦስተኛው የሲኤስኤስ ደንብ ነው፤ የፊደሉን መጠን፣ ውፍረትና ክፍተት ይይዛል። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች የሚለያዩት ሦስቱን ማን ይወስናቸዋል በሚለው ነጥብ ነው።

በዓይን የሚታየው ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለእሱ ነው። ለማረም የሚከብደው ግን የመጀመሪያው ነው። የመልክ ስህተት በአንድ የሲኤስኤስ መስመር ለመላው ሰነድ ይስተካከላል፤ የታግ ስህተት በእያንዳንዱ ፋይልና በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች የሚጠቀሙባቸው የስክሪን ማንበቢያዎች ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዘልሉት ታጉን ተከትለው ነው። ርዕሱ ደመቅ ያለ ተራ አንቀጽ ሆኖ ከወጣ ለእነዚህ አንባቢዎች መላው መጽሐፍ ርዕስ የሌለው አንድ ረጅም ጽሑፍ ይሆንባቸዋል። ይህ በአንዳንድ አገሮች የሕግ ጉዳይም ሆኗል፤ ኢመጽሐፍትን የሚጨምረው የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከጁን 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ነው።

ሁሉንም ለፕሮግራሙ መተው

ቀላሉ መንገድ ምንም ሳይነኩ «ኤክስፖርት» ማለት ነው። ለህትመት በሰፊው በሚሠራበት የገጽ ቅንብር ፕሮግራም በኢንዲዛይን ውስጥ እያንዳንዱ ስታይል ሳይነካ ሲቀር ታጉ «ኦቶማቲክ» እንደተባለ ይቆያል። በተግባር ይህ ማለት የአንቀጽ ስታይሎች ሁሉ «ፒ»፣ የፊደል ስታይሎች (በአንቀጽ ውስጥ ለተመረጡ ቃላት የሚሰጡት) ሁሉ ትርጉም የሌለው መጠቅለያ ታግ «ስፓን» ሆነው ይወጣሉ ማለት ነው። ክላሱ ከስታይሉ ስም ይሠራል፤ ሲኤስኤሱንም ፕሮግራሙ ራሱ ይጽፈዋል። በብሮውዘር ሲከፈት ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ የሚመስለው።

ፋይሉን ከፍቶ ላየው ግን የምዕራፉ ርዕስና የግርጌ ማስታወሻው ሁለቱም «ፒ» ናቸው። መጠኑም ሌላ ችግር ያመጣል። በድሩ አቆጣጠር አንድ ኢንች 72 ነጥብ ወይም 96 ፒክስል ስለሆነ፣ ለወረቀት ተስማሚ የሆነው ባለ 10 ነጥብ የአካል ጽሑፍ በቀጥታ ሲሰላ 13.3 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ብሮውዘሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው የሚመርጡት የአካል መጠን 16 ፒክስል ነው። በሌላ በኩል መጽሔቱ ላይ ያማረው ባለ 48 ነጥብ ርዕስ 64 ፒክስል ሆኖ በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ቃል በአንድ መስመር ይይዛል። የወረቀት መጠን የተመረጠው ለወረቀት ርቀትና ስፋት ነው፤ ወደ ስክሪን እንዳለ መገልበጥ አይገባውም።

ይህን መንገድ የምመክረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሙከራ። ሰነዱ ውስጥ ስንት ስታይል በትክክል ሥራ ላይ እንደዋለ፣ የጽሑፉ ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ይጠቅማል። ለአንባቢ ለሚደርስ ሥራ አይበቃም።

ታጉን ራስ ወስኖ፣ ሲኤስኤሱን ለፕሮግራሙ መተው

ኢንዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የሲኤስ5.5 እትም ላይ ስታይልን ከታግ ጋር የማስተሳሰር መንገድ አመጣ። በእያንዳንዱ ስታይል ቅንብር ውስጥ «ኤክስፖርት ታጊንግ» የሚል ክፍል አለ። አንድ በአንድ መክፈት ለሚሰለቸው ደግሞ ከአንቀጽ ስታይሎች ፓነል ምናሌ «ኤዲት ኦል ኤክስፖርት ታግስ» የሚለው ሁሉንም በአንድ መስኮት ያቀርባል። በግራ የስታይሉ ስም፣ ቀጥሎ ታጉ፣ ቀጥሎ ክላሱ፣ ቀጥሎም ለዚህ ስታይል ሲኤስኤስ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ምልክት ይታያል። ከመላው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚጠቅመው መስኮት ይህ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ግን ከፍተውት አያውቁም።

ማስተሳሰሩ ራሱ ከባድ አይደለም። «የምዕራፍ ርዕስ» ወደ «ኤች1»፣ «ንዑስ ርዕስ» ወደ «ኤች2»፣ «አካል» ወደ «ፒ» ይሄዳሉ። ከፊደል ስታይሎች ደግሞ ለአጽንዖት የዋለው ወደ «ኢኤም»፣ ለጠንካራ አጽንዖት የዋለው ወደ «ስትሮንግ» ይሄዳል። ማሰብ የሚያስፈልገው የህትመቱ መልክ ከጽሑፉ ደረጃ ጋር በማይገጥምበት ቦታ ነው። በመጽሔት ውስጥ በትልልቅ ፊደል ተነጥሎ የሚቀመጥ ጥቅስ ከርዕሱ የበለጠ ሊገዝፍ ይችላል፤ ርዕስ ግን አይደለም። መጠኑን አይቶ «ኤች2» የሚሰጠው ሰው የገጹን አወቃቀር ያፈርሰዋል።

ጥቅስን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ኢንዲዛይን በምናሌው ውስጥ የሌለ ታግ እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ «ብሎክኮት» የተባለውን የጥቅስ ታግ መስጠት ያጓጓል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ታጉን የሚሰጠው ለእያንዳንዱ አንቀጽ ለየብቻ ነው። ሦስት አንቀጽ ያለው አንድ ጥቅስ ሦስት የተለያዩ ጥቅሶች ሆኖ ይወጣል። በእኔ ምርጫ ጥቅሱን «ፒ» አድርጎ የራሱን ክላስ መስጠትና በኋላ በሲኤስኤስ መለየት ይሻላል።

የዚህ አማራጭ ጥቅም ግልጽ ነው፤ አወቃቀሩ ትክክል ይሆናል፣ መልኩም ከወረቀቱ ብዙ አይርቅም፣ ሲኤስኤስ መጻፍ የማይችል ሰውም ሊሠራው ይችላል። የራሱ ድረ ገጽ ለሌለው፣ ራሱን ችሎ ለሚሸጥ ኢመጽሐፍ (ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) ጥሩ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሰነዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ነው። ፕሮግራሙ ሲኤስኤሱን በእያንዳንዱ ኤክስፖርት እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ባለፈው ጊዜ በእጅ የታረመው ሁሉ ይጠፋል።

አንዳንዶች ይህን ለማለፍ ፕሮግራሙ በጻፈው ላይ የራሳቸውን ሲኤስኤስ ይጨምራሉ፤ ለዚህም «አድ ስታይል ሺት» የሚል ቦታ አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ «የጻፍኩት አልሠራም» የሚል ቅሬታ ያስከትላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኢንዲዛይን የሚጽፋቸው ደንቦች ታጉንና ክላሱን አጣምረው ይጠራሉ፤ «ክላሱ አካል የሆነ ፒ» እንደ ማለት ነው። እርስዎ ክላሱን ብቻ ጠርተው ደንብ ከጻፉ፣ ፋይልዎ በኋላ የተነበበ ቢሆንም እንኳ ብሮውዘሩ ይበልጥ ለይቶ የጠራውን የፕሮግራሙን ደንብ ይከተላል። መፍትሔው እርስዎም ታጉንና ክላሱን አጣምረው መጥራት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ደንቦች እኩል ክብደት ስለሚኖራቸው የኋለኛው፣ ማለትም የእርስዎ፣ ያሸንፋል።

ታጉም ክላሱም ሲኤስኤሱም በራስ እጅ

ሦስተኛው መንገድ ፕሮግራሙ ሲኤስኤስ እንዳይጽፍ መከልከል ነው። በኤክስፖርት መስኮቱ ላይ «ጄኔሬት ሲኤስኤስ» የሚለው ምልክት ይነሳል፤ ክላሶቹ ግን እንዲወጡ ይደረጋል፤ ከዚያ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ የሲኤስኤስ ፋይል ይያያዛል። ከሰነዱ የሚወጣው ንጹሕ ኤችቲኤምኤል ብቻ ይሆናል። ድረ ገጹ የራሱ መልክ ካለው ጽሑፉ ያንን መልክ ወዲያው ይለብሳል። በሚቀጥለው ዓመት የድረ ገጹ መልክ ቢቀየርም የቀድሞ እትሞች በሙሉ አንድ ፋይል ሲለወጥ አብረው ይለወጣሉ፤ የህትመት ሰነዱን እንደገና መክፈት አያስፈልግም።

ይህን መንገድ አጥብቄ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ህትመት ድሩ የማይፈልጋቸው ብዙ ስታይሎች ይፈልጋል። ገጹን ለማሳመር ብቻ «አካል»፣ «አካል ጠባብ»፣ «አካል ከፎቶ በታች»፣ «አካል የመጨረሻ አንቀጽ» የሚሉ አራት ስታይሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ለአንባቢው ሁሉም አንድ ናቸው። በማስተሳሰሪያው መስኮት ላይ አራቱንም «ፒ» አድርጎ አንድ ዓይነት ክላስ መስጠት ይቻላል፤ በሲኤስኤሱ በኩል አንድ ደንብ ይበቃቸዋል። ፕሮግራሙ ሲኤስኤስ እንዲጽፍ በሚደረግበት መንገድ ግን አራት የተለያዩ መልኮች ለአንድ ክላስ ስለሚሻሙ ግጭት አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ያኔ ከአራቱ ለሦስቱ «ኢሚት ሲኤስኤስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ግድ ይሆናል።

ይህ መንገድ የሚጠይቀው ዋጋ ሥነ ሥርዓት ነው። የክላስ ስሞቹ በሰነዱና በሲኤስኤሱ ውስጥ አንድ መሆን አለባቸው፤ አንድ ሰው በመሀል የስታይሉን ስም ሲቀይር መልኩ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ክላሱ ከስታይሉ ስም በራሱ እንዲሠራ ከመተው ይልቅ በክላስ ቦታው ላይ ቋሚ ስም መጻፍ ይመረጣል። ስታይሎችን በአማርኛ መሰየም ምንም ክፋት የለውም፤ ሲኤስኤስም የግዕዝ ፊደል ያለበትን የክላስ ስም ይቀበላል። ፋይሉ የሚያልፍባቸው ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ግን እንዲህ አይታገሡም። ለክላሱ አጭር፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ስም ይስጡ፤ ስታይሉ በአማርኛ ስሙ ይቆይ። ስሙም መልክን ሳይሆን ሥራን ቢናገር ይሻላል። «ቀይ ትልቅ» የተባለ ክላስ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር ሁሉንም ያደናግራል።

የትኛውንም መንገድ የሚያበላሽ ነገር

ከላይ ያሉት ሁሉ የሚሠሩት ሰነዱ በእርግጥ በስታይል የተቀናበረ ከሆነ ነው። ጽሑፍን መርጦ በቀጥታ መጠኑን፣ ክፍተቱን ወይም ቀለሙን መቀየር ለዓይን ከስታይል አይለይም፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ልዩነቱ ይጋለጣል።

አንድ ቦታ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ አንቀጽ በመጨረሻው መስመር ላይ አንዲት አጭር ቃል ብቻዋን ቀርታለች። አቀናባሪው አንቀጹን መርጦ በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት በጥቂቱ ያጠብባል፤ ቃሏ ወደ ላይ ትገባለች፤ ገጹ ያምራል። ይህ ጥሩ የህትመት ሥራ ነው። በድሩ ላይ ግን መስመሩ የሚሰበረው እንደ ስክሪኑ ስፋት ስለሆነ ማስተካከያው ትርጉም የለውም። ያም ሆኖ ሰነዱ የእጅ ማስተካከያዎችን ጠብቆ እንዲወጣ ከተደረገ አንቀጹ በሙሉ በ«ስፓን» ተጠቅልሎ «ቻር ኦቨርራይድ» የሚል ክላስና ቁጥር ተለጥፎበት ይወጣል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ማስተካከያ በየገጹ ይኖራል። ውጤቱ ቁጥር ብቻ የሚለያቸው፣ ማንም ሊያስታውሳቸው የማይችል ክላሶች የሞሉበት ፋይል ነው።

«ፕሪዘርቭ ሎካል ኦቨርራይድስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጸሐፊው ለአጽንዖት ያደመቃቸው ቃላት በፊደል ስታይል ካልተያዙ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ምልክቱ ከመነሳቱ በፊት በፍለጋና መተኪያ መስኮት ደማቅና ዘንበል ያሉ ፊደሎችን ፈልጎ ለእያንዳንዳቸው የፊደል ስታይል ማልበስ ያስፈልጋል። አሰልቺ ቢሆንም ተመላሽ ያለው ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእጅ ማስተካከያ ለህትመት ብቻ የተደረገ ስለሆነ ያለ ስጋት ሊጣል ይችላል።

በዚሁ ጊዜ የሚታዩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ርዕስን ለማሳመር በመሀሉ የተደረገ የመስመር መስበሪያ ወደ ድሩ «ቢአር» ሆኖ ይወጣና በስልክ ላይ ርዕሱን እንግዳ በሆነ ቦታ ይቆርጠዋል። ክፍተት ለመፍጠር የተጨመሩ ባዶ አንቀጾች፣ ጽሑፍ ለማስተካከል የተደረደሩ ታቦችና ክፍት ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው። በእጅ የተጻፈ ቁጥርና ነጥብም ዝርዝር ሊሆን አይችልም፤ የዝርዝር ታግ የሚያገኘው በፕሮግራሙ የዝርዝር ቅንብር የተሠራው ነው።

በግዕዝ ፊደል ለተጻፈ ሰነድ

በአማርኛ ወይም በሌላ የግዕዝ ፊደል በሚጠቀም ቋንቋ የተቀናበረ ሰነድ ከማንኛውም ምርጫ በፊት አንድ ፈተና ማለፍ አለበት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር መለያ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የፊደል ፎንቶች፣ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ በህትመት ሥራ ላይ ያሉ፣ የግዕዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ላይ ነው። በወረቀትና በፒዲኤፍ ላይ ችግሩ አይታይም። ወደ ኤችቲኤምኤል ሲወጣ ግን ፎንቱ ስለሚቀር ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። የትኛውም የታግ ማስተሳሰር ይህን አያድነውም፤ ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ተራ የጽሑፍ ማስተካከያ ውስጥ መለጠፍ ነው፤ እዚያም አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ደህና ነው።

በሲኤስኤስ በኩልም የግዕዝ ፊደል የራሱ ፍላጎት አለው። አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች ለአጽንዖት የተሳለ ዘንበል ያለ ቅርጽ የላቸውም። «ኢኤም» የተሰጠውን ቃል ብሮውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ አጋድሞ ያሳየዋል፤ ይህም ያስቀይማል። በራስ ሲኤስኤስ «ኢኤም» ዘንበል እንዳይል አድርጎ በውፍረት ወይም በቀለም መለየት ይቻላል። ታጉ ትርጉሙን እንደያዘ ይቆያል፤ የሚቀየረው መልኩ ብቻ ነው። የመስመር ክፍተቱንም ለላቲን ከሚሰጠው ሰፋ ማድረግ ንባቡን ያቀላል። እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያሉ በነጻ የሚገኙ ፎንቶችን ከድረ ገጹ ጋር አያይዞ መላክም አንባቢው በመሣሪያው ላይ ፎንቱ ባይኖርም ጽሑፉን በታሰበለት ፊደል እንዲያይ ያደርጋል። ሲኤስኤሱን ሙሉ በሙሉ ለፕሮግራሙ የሚተው ሰው እነዚህን ነገሮች በሚፈልገው መንገድ መቆጣጠር ይቸግረዋል።

ገጹን እንዳለ ማውጣት

አንዳንድ ሥራ ከቅንብሩ ሊነጠል አይችልም። የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ጽሑፍ በሥዕል ላይ የተጻፈበት ፖስተር መሰል ገጽ ወይም የምግብ አሠራር አልበም ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ቋሚ ቅንብር ያለው ኢፐብ (የኢመጽሐፍ ፋይል ዓይነት) አለ፤ ኢንዲዛይን ውስጥ «ፊክስድ ሌይአውት» ይባላል። እያንዳንዱ ጽሑፍ በወረቀቱ ላይ በነበረበት ቦታ ይቀመጣል። ስታይሎቹ ይወጣሉ፤ ይሁን እንጂ መልኩን ለመለወጥ ያለው ነጻነት በጣም ጠባብ ነው።

ለረጅም ንባብ ይህን መንገድ አልመክርም። በስልክ ላይ አንባቢው ገጹን እያሰፋ ወደ ግራና ቀኝ መጎተት ይኖርበታል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይዘት በ320 ፒክስል ስፋት ወደ ጎን ሳይጎተት እንዲነበብ ይጠይቃል፤ ቋሚ ገጽ ይህን አያሟላም። ፒዲኤፉን ራሱን ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ በተጨማሪ አማራጭነት ካልሆነ በብቸኝነት መቅረብ አይገባውም።

በሌላ ፋይል በኩል መዞር

የገጽ ቅንብር ፕሮግራሙ ጥሩ ኤችቲኤምኤል ካልሰጠ ጽሑፉን በአርቲኤፍ ወይም በወርድ ፋይል በኩል ማውጣት ይቻላል። የስታይሎቹ ስሞች አብረው ስለሚሄዱ በሊብረኦፊስ ራይተር ተከፍተው ከመደበኛዎቹ የርዕስ ስታይሎች ጋር ከተገናኙ በኋላ ወደ ኤችቲኤምኤል ወይም ወደ ኢፐብ ሊወጡ ይችላሉ። ፓንዶክ የተባለው ነጻ መሣሪያ ደግሞ የወርድ ፋይልን አንብቦ «ርዕስ 1» የሚለውን መደበኛ ስታይል በቀጥታ ወደ «ኤች1» ይለውጠዋል፤ ከተጠየቀም ለራስ የተፈጠሩ ስታይሎችን ስም ይዞ ይወጣል። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለማይፈራ ሰው ይህ ንጹሕ ውጤት የሚሰጥ መንገድ ነው።

ጉዳቱ የጽሑፉ ቅጂ ለሁለት መከፈሉ ነው። በመጨረሻው ሰዓት በህትመት ሰነዱ ላይ የታረመ ስም በወርዱ ቅጂ ላይ ሳይታረም ይቀራል። የኤክስኤምኤል (ታጎቹን ራስ የሚሰይሙበት የመረጃ ፋይል) መንገድም አለ፤ ስታይሎችን ከኤክስኤምኤል ታጎች ጋር አስተሳስሮ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ለመዝገበ ቃላት፣ ለካታሎግና ለመሳሰሉት አንድ ዓይነት መዋቅር ደጋግመው ለሚይዙ ሥራዎች ካልሆነ ልፋቱ አይክስም።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚወስነው

ምርጫው በከፊል በእጅ ባለው ፕሮግራም ይወሰናል። እዚህ የተዘረዘሩት የማስተሳሰሪያ መስኮቶች የኢንዲዛይን ናቸው፤ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ ቁጥጥር ይሰጣል። ኳርክኤክስፕረስም ኢፐብና ኤችቲኤምኤል5 ያወጣል። ስክራይበስ ነጻና ለህትመት ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ያለው ግን በፒዲኤፍ ላይ ስለሆነ ለድሩ በሌላ ፋይል በኩል መዞሩ ይሻላል። የአፊኒቲ ፐብሊሸር የመጀመሪያና ሁለተኛ እትሞችም ኤችቲኤምኤልና ኢፐብ አያወጡም ነበር። ሰነዱን ከመጀመሪያው በወርድ ያዘጋጀ ሰው ወደ ድረ ገጽ ሲያስቀምጥ «ፊልተርድ» የሚለውን ምርጫ ቢወስድ ፕሮግራሙ ለራሱ የሚጨምራቸው ብዙ ምልክቶች ይቀንሱለታል፤ ርዕሶቹን በመደበኛዎቹ የርዕስ ስታይሎች ከሠራም ታጎቹ በትክክል ይወጣሉ።

እንግዲህ የትኛው?

በየጊዜው የሚወጣ መጽሔት፣ ጋዜጣ ወይም የሪፖርት ተከታታይ ካለዎትና ድረ ገጽም ካለዎት ታጉን፣ ክላሱንና ሲኤስኤሱን በእጅዎ ያድርጉ። የመጀመሪያው እትም ከሌሎቹ መንገዶች የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሥራው ማስተሳሰሩን ወደ አዲሱ ሰነድ መጫን ብቻ ይሆናል። የድረ ገጹን ሲኤስኤስ የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው ከሆነ የክላስ ስሞቹን ዝርዝር ከእሱ ጋር ተስማምተው ይጻፉ። ማንም ከእርስዎ ጋር ሳይነጋገር ስም መቀየር የለበትም፤ እርስዎም እንዲሁ።

አንድ ልብ ወለድ ወይም አንድ የጥናት መጽሐፍ ወደ ኢፐብ ለሚያወጣ ሰው ታጉን ማስተሳሰርና ሲኤስኤሱን ለፕሮግራሙ መተው ይበቃዋል፤ ላይ ላዩን የሚስተካከለውን በአጭር ተጨማሪ ሲኤስኤስ ያስተካክላል። ሥዕሉ ከጽሑፉ ለማይለይበት መጽሐፍ ቋሚ ቅንብር፣ ኤክስፖርቱ ደካማ ለሆነ ፕሮግራም ደግሞ በሌላ ፋይል በኩል ያለው መንገድ ይቀራል። አሮጌ ሰነድ፣ ስታይል ሳይኖረው ሁሉም በእጅ የተቀናበረ ከሆነ፣ ማጽዳቱ ከቅንብሩ እኩል ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ በድሩ በኩል እንደ አዲስ ታግ መስጠት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ውሳኔው ላይ ከመድረስዎ በፊት ግን አንድ የሙከራ ሰነድ ይሥሩ። በሰነድዎ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ስታይል ቢያንስ አንድ ጊዜ ይግባበት፤ ሁለት አንቀጽ ያለው ጥቅስ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ዝርዝር፣ ሰንጠረዥ፣ ከነመግለጫው አንድ ፎቶ፣ በመሀሉ አጽንዖት ያለበት ርዕስም አይቅር። በሚያመዛዝኗቸው መንገዶች ሁሉ አውጥተው ጎን ለጎን ይክፈቷቸው። የብሮውዘሩን መስኮት እስከ 320 ፒክስል ድረስ ያጥብቡት። ቀጥሎ ሲኤስኤሱን ያጥፉና ጽሑፉን ያንብቡት፤ ያለ ምንም መልክ ርዕሱ ርዕስ፣ ዝርዝሩ ዝርዝር ሆኖ ከታየ ታጎቹ ትክክል ናቸው። በመጨረሻ ፋይሉን በጽሑፍ ማስተካከያ ከፍተው «ኦቨርራይድ» (override) የሚለውን ቃል ይፈልጉ። የሚገኘው ቁጥር ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ማጽዳት እንደሚቀረው ይነግርዎታል።